ይግባ ወይስ አይግባ?

ነሐሴ 1995 ዓ.ም. ለኮምፒዩተር ዓለም የሁለት ልደት ወር ነበር። በ5 ብላስተር የተባለው ቫይረስ ዊንዶውስ የተጫነባቸውን ኮምፒዩተሮች እያሰሰ መዛመት ጀመረ፤ በ23 ደግሞ ስካይፕ የሚባል አዲስ ፕሮግራም የሙከራ ቅጂው ለሕዝብ ተለቀቀ። አንዱ ሳይጠሩት የሚገባ፣ ሌላው የራቀ ሰው የሚያስገባ። ሽሮ ሜዳ ወዳለው ቤታችን ሁለቱም ዘግይተው ነው የደረሱት፤ ከደረሱ በኋላ ግን ለአንድ የስልክ መስመር ሲጋፉ ኖሩ። ዛሬ ያንን ጊዜ ሳስበው አንዱን ከሌላው ነጥዬ ማስታወስ አልችልም።

ኮምፒዩተሩ የእህቴ ስጦታ ነው። ዲቪ ደርሷት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች በኋላ በላከችው ገንዘብ ከፒያሳ ተገዛ። ፔንቲየም ፎር፣ 256 ሜጋ ባይት ራም፣ 40 ጊጋ ባይት ሃርድ ዲስክ፤ በዚያን ጊዜ ይህን መዘርዘር መኩሪያ ነበር። ሞኒተሩ ከኋላ ሆዱ የተነፋ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ዓይነት ነው። እማዬ ለቴሌቪዥኑ እንዳደረገችው በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። ሲፒዩውም የራሱ ዳንቴል ደረሰው። ዳንቴሉ የአየር መውጫውን ስለሚዘጋው ከኋላ በኩል ገለጥ አድርጌ እተወዋለሁ፤ እሷ በዚያ ስታልፍ መልሳ ታወርደዋለች። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ለዘመድ የሚነገረው ኮምፒዩተሩ እኔ እንድማርበት ተገዛ ተብሎ ነው። እውነቱ ግን እህቴን ድምፃችንን ለመስማት የምታወጣው ገንዘብ አስመርሯት ነበር። ያኔ ከአሜሪካ ለመደወል የስልክ ካርድ ይገዛል፤ ከጀርባው ያለው ቁጥር ይፋቃል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃና ሲደወል የሚገኘው ደቂቃ ግን ተገናኝተው አያውቁም። «አባዬስ ደኅ...» ብላ ትቋረጣለች። የቀረውን እኛ እንሞላዋለን። ከእኛ ወደ እሷ መደወል ደግሞ ሰው ሲሞት ወይ ሲወለድ ብቻ የሚታሰብ ነገር ነበር።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ነው። እኛ ቤት ሲገባ ዳያል አፕ ሆኖ ነው የገባው። ሞደሙ ቁጥር ይደውላል፣ ያፏጫል፣ ይጮኻል፣ ያንሾካሹካል፤ ከዚያ ዝም ሲል ተገናኘ ማለት ነው። ሳሎን ያለውን ስልክ አንድ ሰው ካነሳው አለቀ፤ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ኢንተርኔት ከመክፈቴ በፊት ለቤቱ በሙሉ አስነግራለሁ፦ «ስልኩን ማንም እንዳያነሳ!» ክረምት ሲገባ መስመሩ ስለሚንኮሻኮሽ ግንኙነቱ በየደቂቃው ይቆረጣል። በወሩ መጨረሻ የስልክ ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ከአባዬ ጋር እንፋጠጣለን።

ብላስተር የመጣብን በዚህ መሐል ነው። ገና እንደተገናኘሁ ስክሪኑ ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ አለች። ሲስተሙ ሊዘጋ ነውና የጀመርከውን ሥራ አስቀምጥ ትላለች፤ ከሥሯ 60 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቆጥራል። 59፣ 58፣ 57። ዜሮ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። እንደገና ስገናኝ እንደገና ያችው ሳጥን። የዚህ ቫይረስ ክፋት ምንም ነገር እንድትነካ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ኢሜይል መክፈት የለም፣ ፋይል ማውረድ የለም፤ 135 ቁጥር በሚባለው ፖርት በኩል ራሱ መጥቶ ይገባል። መስመር ላይ መገኘት ብቻ ይበቃዋል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ሐምሌ 9 ቀን 1995፣ ቫይረሱ ከመነሳቱ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አውጥቶ ነበር፤ ግን ማን ሰምቶ ማን ይጭነዋል? የቫይረሱ ጸሐፊ ኮዱ ውስጥ ለቢል ጌትስ መልእክት ቀብሮበት ነበር፤ ገንዘብ መሰብሰብህን ተውና ሶፍትዌርህን ጠግን የሚል። ስድቡ ለእሱ፣ ቅጣቱ ለእኛ።

መላውን ያስተማረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሳጥኗ እንደወጣች ስታርት፣ ከዚያ ራን፤ ከዚያ ሻትዳውን ብሎ ጽፎ፣ ክፍተት ሰጥቶ፣ ሰረዝ አድርጎ «ኤ» ፊደልን መጨመር፤ ከዚያ ኢንተር። ቆጠራው ቀጥ ይላል። ይህን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ስላለብኝ ጣቴ ፈጣን ሆነ። የኪቦርድ ፍጥነቴን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከብላስተር ተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንም።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 1996 ላይ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ ቱ የተባለውን ትልቅ ማሻሻያ አወጣ። ኤክስፒ ከመጀመሪያውም ፋየርዎል ነበረው፤ ግን ጠፍቶ ነበር የሚመጣው፣ የሚያበራውም አልነበረም። ሰርቪስ ፓክ ቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁ ፋየርዎሉን አብርቶት መምጣቱ ነው። ታዲያ ይህ ማሻሻያ ከ260 ሜጋ ባይት በላይ ይመዝን ነበር። 56 ኪሎ ቢት የሚባለው ሞደማችን ሙሉ ፍጥነቱን ቢሰጠን እንኳ ለማውረድ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ሙሉ ፍጥነቱን ሰጥቶን ደግሞ አያውቅም። መድረሱስ በሲዲ ደረሰን፤ የአክስቴ ልጅ ከመሥሪያ ቤቱ ገልብጦ። ሲዲውን ለሰፈሩ ሁሉ አዋሰው፤ ሲመለስ ከጭረቱ ብዛት የተነሳ ሊነበብ አልቻለም።

ፋየርዎል እንግዲህ ዘበኛ ነው። ማን ሊገባ እንደመጣ ያያል፣ ያልተጠራውን ይመልሳል። የዊንዶውሱ ዘበኛ የሚያየው የሚገባውን ብቻ ነው፤ ከውስጥ ወጥቶ የሚሄደውን አይጠይቅም። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን በነጻ የሚገኘውን ዞን አላርም የምንጨምርበት። ዞን አላርም የሚወጣውንም ይጠይቃል። ከሰዓቱ አጠገብ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ ቀይና አረንጓዴ መስመሮች ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አንዱ የሚወጣው፣ አንዱ የሚገባው ነው። መስመር ላይ ተቀምጬ እነዚያን መስመሮች ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ምንም ሳላደርግ ቀዩ ከፍ ካለ ልቤ ይመታል።

ጥያቄው ግን አያልቅም። ይህ ፕሮግራም ኢንተርኔት መጠቀም ይፈልጋል፤ ትፈቅዳለህ? ያኛውስ? ከሁሉም የሚያስቸግረው ጀነሪክ ሆስት ፕሮሰስ የሚባለው ነው። ይህን ማን ያውቀዋል? ከከለከልከው ኢንተርኔቱ ራሱ አልከፈት ይላል፤ ከፈቀድክለት ደግሞ ምን እንደፈቀድክ አታውቅም፤ ምክንያቱም በዚያ አንድ ስም ሥር ብዙ የዊንዶውስ አገልግሎቶች ተሸፍነው ይሠራሉ። አንድ ጊዜ ፊቴን አጨማድጄ ሳጥኑ ላይ ሳፈጥ እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ምን አለ?»

«ይግባ ወይስ አይግባ ነው የሚለኝ።»

«ማን?»

«ፕሮግራም ነው።»

«የማን?»

መልስ አልነበረኝም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የማይታወቅ ልጅ በር ላይ ሲቆም የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። ስሙ ኋላ ይመጣል። ዞን አላርም የሚነግረኝ ስሙን ብቻ ነበር፤ የማን እንደሆነ አይነግረኝም።

ስካይፕ የመጣልን በፍላሽ ነው። ሰው ለሰው፣ እጅ በእጅ። እህቴ ማይክራፎን ያለው ሄድፎን በሰው ልካ ነበር፤ ጫንኩት፣ ስም አወጣሁ፣ ከፈትኩት። ዞን አላርም ወዲያው ጠየቀ፦ ስካይፕ ኢንተርኔት መጠቀም ይፈልጋል፤ ትፈቅዳለህ? ቀጥሎ ሌላ ሳጥን፦ ስካይፕ እንደ ሰርቨር ሆኖ ከውጭ የሚመጣውን መቀበል ይፈልጋል፤ ትፈቅዳለህ? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በዚያን ጊዜ እኛ አገር የኮምፒዩተር ጥያቄ ብቻ አልነበረም። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከልክሎ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ባለሙያ መሆን አይጠይቅም። የስልክ አገልግሎቱ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር፤ የውጭ አገር ጥሪ ደግሞ ጠቀም ያለ ገቢ ያመጣል፤ ያ ገቢ በየኢንተርኔት ቤቱ እየሾለከ እንዲቀር አይፈለግም።

አባዬ ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ነጋሪት ጋዜጣ አንብበው የማይጠግቡ ሰው ናቸው።

«በአዋጅ የተከለከለ ነገር በቤቴ አይደረግም» አሉ።

እማዬ ሻይ እየቀዳች ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን እንዴት ዋልሽ ማለት ነው የተከለከለው?»

«በኢንተርኔት ማለት ነው የተከለከለው።»

«እንግዲያው አንተ በስልክ በላት። ሂሳቡንም አንተው ትከፍላለህ።»

የተገኘው መፍትሔ ለአባዬ የሚገባ ነበር። እሁድ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እሷ ዘንድ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ስካይፕ ሊከፈት ሲል አባዬ ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ይወጣሉ። በሩ ገርበብ ይላል። ከዚያ ሆነው፣ «ጥርሷ እንዴት ሆነ በሏት»፣ «ሥራ ቀየረች ወይ በሏት» እያሉ ያስተላልፋሉ። መልሱ በእማዬ በኩል ይመለስላቸዋል። «መጠቀም» የሚለው የአዋጁ ቃል እሳቸው ዘንድ እንዳይደርስ የበሩ ስንጥቅ ይበቃቸዋል። በዚህ መልክ ብዙ ወራት ቆየን። አንድ የገና ማታ ብርዱ ሲበረታ ገብተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሄድፎኑን ግን አሁንም አልነኩም። እኔ በስፒከር አደረግኩላቸው። ስለዚያ የሕግ ነጥብ ምንም አላሉም።

ጥሪው እንዴት ያለ ነበር? በዚያን ጊዜ አብዛኛው የአገራችን ኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚወጣው በሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው፤ ድምፅ ወደዚያ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መልሱም እንደዚያው። በዚህ ላይ የሞደሙና የኮምፒዩተሩ መዘግየት አለ። ለፈረንጅ ይህ ምናልባት አያስቸግር ይሆናል። ሰላም ብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። የእኛ ሰላምታ ግን መቀባበል ነው። እንዴት ነሽ፣ ደኅና ነሽ ወይ፣ ጤናሽስ፣ ሥራስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ፣ እኛ ደኅና ነን፣ ብርዱስ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይገባል፤ መግባቱ ራሱ ፍቅር ነው። ሩብ ሰከንዱ ይህን ሁሉ አፈረሰው። እማዬ «እንዴት ነሽ» ትላለች፣ ዝም። «አትሰማም መሰለኝ» ትለኛለች። ያኔ «ደኅና ነኝ እማዬ» የሚለው ይደርስና በእሷ ቃል ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ያቆማሉ። ሁለቱም አንድ ላይ ይጀምራሉ። አንዳንዴ የሰላምታው ጊዜ ብቻ ከቀረው ወሬ ይበልጥ ነበር።

በመጨረሻ እህቴ ሥርዓት አወጣች፦ ተናግሮ የጨረሰ «በቃ» ይበል። እማዬ አልወደደችውም። ልጇን ስታነጋግር በቃ ማለት ክፉ ሟርት መሰላት። እሷ የመረጠችው ሌላ ነው፤ ተናግራ ስትጨርስ «እሺ ልጄ» ትላለች፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ተራ ይሄዳል። ዛሬ፣ መስመሩ ጠርቶ ምንም መዘግየት በሌለበት ጊዜ፣ እማዬ በስልክ ስታወራ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «እሺ ልጄ» ትላለች። ከምን እንደመጣባት የምናውቀው እኔና እህቴ ብቻ ነን።

ስካይፕ ከሌሎቹ የሚለየው በር የሚያንኳኳበት መንገድ ነው። ከእሱ በፊትም በኢንተርኔት ድምፅ የሚያሰሙ ፕሮግራሞች ነበሩ። ያሁ ሜሴንጀር ነበር፤ ፓልቶክ ነበር፣ በውጭ ያለው ያገራችን ሰው ተሰብስቦ የሚከራከርበት። ግን ብዙዎቹ ፋየርዎል ሲያዩ ይቆማሉ። ስካይፕ አይቆምም። በአንዱ ፖርት ይሞክራል፤ ካልሆነ በሌላው፤ ካልሆነ ማንኛውም ድረ ገጽ በሚከፈትባቸው በ80 እና በ443 ቁጥሮች ይወጣል። እነዚያን የዘጋ ሰው ኢንተርኔቱን ራሱን ዘጋ ማለት ነው። ቀጥታ መገናኘት ካልቻለ ደግሞ በመካከል ያለን የሌላ ተጠቃሚ ኮምፒዩተር መሸጋገሪያ ያደርጋል። የእህቴ ድምፅ የማናውቀው ሰው፣ የማናውቀው አገር ያለ ኮምፒዩተር አልፎ ወደ ሽሮ ሜዳ ይመጣ ነበር ማለት ነው፤ ባለቤቱም ሳያውቅ። ድምፁ ተመስጥሮ ስለሚያልፍ መሐል ላይ ያለው ሰው ምንም አይሰማም። ፕሮግራሙ ራሱም ማንም እንዳይመረምረው የተቆለፈ ነበር። በ1998 ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ውስጡን ፈትተው ሲያሳዩ ብዙ ባለሙያ የደነገጠው፣ መደበቂያ ዘዴዎቹ የክፉ ፕሮግራሞችን ስለሚመስሉ ነው።

ይህን ኋላ ሳነብ አልደነቀኝም። ስካይፕ በዞን አላርም ፊት ያደረገው ሁሉ ከቫይረስ ሥራ ምን ይለየዋል? ያልታወቀ በር ይሞክራል፣ የሰው ኮምፒዩተር ይጠቀማል፣ ማንነቱን ይደብቃል። ልዩነቱ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ዘበኛው አያየውም። ሕጉም በዚህ በኩል ከዞን አላርም ብዙ አይሻልም ነበር። መቶ ደንበኛ እያሰለፈ የውጭ ጥሪ የሚሸጠውንና ልጇን ስለ ጥርሷ የምትጠይቀውን እናት በአንድ አንቀጽ ነው የያዘው።

ቫይረሱ ግን፣ ከብላስተር ወዲያ፣ በስልክ መስመር መምጣቱን ትቶ በኪስ መምጣት ጀመረ። በፍላሽ። የውጭ አገር ጽሑፎች ስለ ኢሜይልና ስለ ድረ ገጽ ሲያስጠነቅቁ እኛ ኢሜይላችንን የምናየው በሳምንት ነበር። ፍላሽ ግን በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፦ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ኢንተርኔት ቤት፣ ከኢንተርኔት ቤት ወደ ዶርም፣ ከዶርም ወደ መሥሪያ ቤት። ዊንዶውስ ደግሞ ፍላሽ ሲሰካ ውስጡ ኦቶራን የሚል ፋይል ካለ አንብቦ የመታዘዝ ጠባይ ነበረው። በዚህ ቀዳዳ ነው እነ ኒው ፎልደርና እነ ራቭሞን የነገሡት።

አከፋፈቱን አሁንም እጄ ያስታውሰዋል። መጀመሪያ ሺፍት ተጭኖ ይያዛል፤ ከዚያ ፍላሹ ይሰካል። ማይ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ሁለቴ መጫን ክልክል ነው፤ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ነው የሚገባው። ከገቡ በኋላ ፎልደሮቹን በዝርዝር ማየት። ቢጫ የፎልደር ሥዕል ያለው፣ ከጎኑ ግን «አፕሊኬሽን» የሚል ከሆነ፣ እሱ ፎልደር አይደለም። መጠናቸው ደግሞ ሁሉም እኩል ይሆናል፤ እሱ ነው የሚያጋልጣቸው። እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ተደብቀዋል። እነሱን ለማውጣት ጥቁሩ መስኮት ተከፍቶ አትሪብ የሚለው ትእዛዝ ይጻፋል፤ ኢንተር ሲመታ የተሰወሩት ፎልደሮች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ። የመመረቂያ ጽሑፌን ቫይረስ በላብኝ ብላ እያለቀሰች የመጣች የሰፈራችን ልጅ ፊት ይህን አድርጌ አውቃለሁ። እናቷ ለሁለት ሳምንት ቡና ሲፈላ ያለ እኔ አልጠጣም አለች።

አንቲ ቫይረስ ነበረን፣ ብዙ ነበረን። አቫስት «ዳታቤዙ ታድሷል» ብሎ በእንግሊዝኛ በሴት ድምፅ ሲናገር ቤቱ ውስጥ እንግዳ ያለ ይመስላል። አቪራ በቀይ ጃንጥላው። ኤቪጂ። ካስፐርስኪ ግን ሌላ ነው። ካስፐርስኪ ቫይረስ ሲያገኝ እንደሚታረድ አሳማ ይጮኽ ነበር። ማን እንደመረጠው አላውቅም፤ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የሁዳዴ ጾም ነው፣ ረቡዕ፣ እማዬና ጎረቤቶቿ ቡና ላይ ናቸው። የአንድ ልጅ ፍላሽ ሰካሁ። ስፒከሩ ሙሉ ድምፁ ላይ ነበር።

«በስመ አብ!» የሚለው ድምፅ ከሁሉም አፍ አንድ ላይ ወጣ።

«አንቲ ቫይረስ ነው» አልኩ። «ቫይረስ ሲያገኝ ነው እንደዚህ የሚለው።»

«ሌላ ድምፅ አጥቶ ነው?» አለች እማዬ። «በሁዳዴ?»

ድምፁን አጠፋሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ካስፐርስኪ ቤታችን ውስጥ ቫይረስ የሚይዘው በዝምታ ነው።

አንቲ ቫይረስ በየቀኑ ካልታደሰ ዋጋ የለውም፤ ለማደስ ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ጥሩ መስመር ያለው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የማደሻውን ፋይል አውርዶ ያመጣል። በምን? በፍላሽ። በዚያው ፍላሽ ውስጥ ማደሻው ገና የማያውቀው አዲስ ቫይረስ ተቀምጦ ይመጣል። ካስፐርስኪን በተሰረቀ ኪይ ነበር የምናስኬደው፤ ኪዩ በኩባንያው ጥቁር መዝገብ ሲገባ ፕሮግራሙ ቀይ ለብሶ ቁጭ ይላል፤ እንደገና ኪይ ፍለጋ። ኪይ የሚያወጣው ክራክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ቫይረስ ነው። ክራኩን ለመጫን አንቲ ቫይረሱን ለጊዜው አጥፋው የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል፤ እናጠፋዋለን።

ከቴክኒኩ በላይ ያስቸግረኝ የነበረው ግን ይሉኝታ ነው። የሰው ፍላሽ ተቀብሎ ስካን ማድረግ ባለቤቱን መጠርጠር ነበር። የአባዬ ጓደኛ የሆኑ አንድ ጋሼ የጡረታ ደብዳቤያቸው ፕሪንት እንዲደረግላቸው መጡ።

«ጋሼ፣ አንዴ ስካን ላድርገው።»

«ልጄ፣ ከቢሮ ነው ያመጣሁት። ንጹሕ ነው።»

አባዬ ከሶፋው ላይ ሆነው በዓይናቸው ገሠጹኝ። ጋሼ ቫይረስ ያመጣሉ ማለት ነው? ፍላሹን ሰካሁ፣ ሺፍቱን ግን አልለቀቅኩም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዞን አላርምም ካስፐርስኪም አይመልሱትም። እነሱ ፕሮግራሙን ነው የሚያዩት፤ እኛ ዘንድ የሚታየው ያመጣው ሰው ነው። ሰውየው ከታወቀ ያመጣው ነገር አብሮ ታወቀ። ቫይረሱ የሚኖረው በዚህ መተማመናችን ላይ ነበር፤ ስካይፕም እንደዚሁ፤ የሰርቪስ ፓኩ ሲዲም እንደዚሁ። ይህን መተማመን የሚዘጋ ፋየርዎል ቢገኝ ኖሮ ቫይረሱን ብቻ አይደለም የሚያስቀረው። የኦቶራኑ ቀዳዳ ግን ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ማይክሮሶፍት የካቲት 2003 ላይ በኤክስፒም ጭምር ፍላሽ ሲሰካ ኦቶራኑ እንዳይሠራ የሚያደርግ ማስተካከያ በዝማኔ ላከ፤ ግማሹ የፍላሽ ቫይረስ በዚያው ሥራ ፈታ። ይህ ቅንብር ከመጀመሪያው እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በዳነ እላለሁ፤ ይህን ያህል ዓመት መፍጀቱን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

በ2004 ደግሞ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ሲመጣ ስካይፕ እንደገና ወሬ ሆነ። በውጭ የዜና አውታሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ስካይፕ የተጠቀመ 15 ዓመት ይታሰራል ተባለ። እህቴ በዚያ ሳምንት ደወለች፤ በስልክ፣ በካርድ። «እንዳትከፍቱት! እንዳትከፍቱት!» መንግሥት በኋላ ለግል ጉዳይ ስካይፕ መጠቀም አልተከለከለም፣ የተከለከለው አገልግሎቱን መሸጥ ነው ብሎ አስረዳ። አባዬ ጋዜጣውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔ መጀመሪያውኑ አልተጠቀምኩም» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጥኖ ነው ያለፈው። ስልኮቹ መጡ፣ ቫይበር መጣ፣ አረብ አገር ያሉት ልጆች ኢሞን አመጡ፣ ቴሌግራም ሁሉን ጠቀለለ። ኮምፒዩተሩ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ፊልም ሲያሳይ ቆይቶ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ። ስካይፕን ማይክሮሶፍት በ2003 ገዝቶት ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዘጋው። የአርበኞች ቀን ነበር፣ ቤት ነበርኩ፤ ዜናውን ለእማዬ ስነግራት «የትኛው ነበር እሱ?» አለችኝ። ሰማያዊው፣ ሲጠራ ውኃ ውስጥ የሚፈላ ድምፅ የሚያሰማው ስላት አስታወሰችው። «እሱ እኮ ይቆራረጥ ነበር» አለች።

እማዬ ስልክ ላይ አንቲ ቫይረስ የለም፣ ፋየርዎል የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም። ባለፈው ዓመት በቴሌግራም በእህቴ ስምና ፎቶ መልእክት መጣላት፦ እማዬ ስልኬ ተበላሽቶ በሌላ ቁጥር ነው የምጽፍልሽ፣ አንድ ሰው ችግር ላይ ስላለ ለጊዜው በዚህ የባንክ ሂሳብ ብር ላኪልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ የሚል። አማርኛው ጥሩ ነበር። ፎቶውም የእሷው ነው። እማዬ መልስ አልጻፈችም፤ መጻፍም አትወድም። መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን በምላሷ አርሳ፣ በዱሮው ቁጥር ደወለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ሌሊት ነበር።

«እማዬ? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። ብር ላኪ ብለሽ ጽፈሻል?»

«እኔ? አልጻፍኩም! ማን ነው? እማዬ እንዳትልኪ፣ ሌባ ነው!»

«አውቄያለሁ» አለች እማዬ። «እንዴት ናችሁ እንኳን ሳይል ነው ብር የጠየቀው። እሺ ልጄ።»